ሰሚራ አትጮህም

ሉባባ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጻፈችና ከመላኳ በፊት ጣቷ ስልኩ ላይ ትንሽ ቆየ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከእናቷ ሱቅ ጀርባ፣ የጨርቅ ጥቅል በተደረደረበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊት እናቷ መይሙና ከአንዲት ገዢ ጋር ስለ አንድ ድሪያ ቀሚስ ቀለም ትከራከራለች፤ ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል። ሉባባ ግን እዚያ አልነበረችም። ቀይ ድልድይ ነበረች።

የጻፈችውን ደግማ አነበበችው።

«ሳጅን ሀያት ድልድዩን ተሻግራ መጣች። ባርኔጣዋን አወለቀች። ‹ሰሚራ፣ አባትሽ የሚነዳው መኪና ገደል ገብቷል፤ አልተረፈም› አለቻት። ብርጭቆው ከሰሚራ እጅ ወድቆ ተሰበረ። ሰሚራ ጮኸች። ፀጉሯን እየነጨች መሬት ላይ ተንከባለለች።»

ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑን ታውቃለች። ላከችው።

ሳጅን ሀያት የሉባባ ናት። ሰሚራ ግን የሉባባ አልነበረችም።

ቀይ ድልድይ የምትባል ከተማ ካርታ ላይ የለችም። ያለችው በአሥራ አንድ ልጆች ስልክ ውስጥ ነው። የጀመራት ኢያኤል ነው፤ ጭሮ ያለው የሉባባ ትምህርት ቤት ልጅ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ሲናገር የማይቸኩል። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍቶ ጓደኞቹን ጠራ፤ እነሱም የሚያውቋቸውን ጠሩ፤ ከጭሮ፣ ከመሰላ፣ ከቦኬ፣ ከሚኤሶ። እያንዳንዱ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ስም፣ ሥራና ጠባይ ይሰጠዋል። ከዚያ ታሪኩን እየተቀባበሉ ይጽፉታል። አንዱ «ዳኛው በሩን አንኳኩ» ብሎ ይልካል፤ በሩ ይከፈት አይከፈት የሚጽፈው የቤቱ ባለቤት የሆነው ልጅ ነው።

ኢያኤል ደንቦቹን ግሩፑ አናት ላይ ሰክቷቸዋል። እንደ ራስህ ማውራት ካማረህ በቅንፍ ጻፍ ይላሉ። ተራህን ጠብቅ። በግል የሰማኸውን ነገር ጨዋታው ውስጥ አታስገባ። የሌላውን ሰው አታንቀሳቅስ፤ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ትልቅ ነገር ልታመጣበት ካሰብህ አስቀድመህ ጠይቀው። ሉባባ ደንቦቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። አዲስ ልጅ በገባ ቁጥር የምታስረዳው እንዲያውም እሷ ነበረች።

ሰሚራን የፈጠረቻት ኩብራ ናት። የሚኤሶ ልጅ መሆኗን እንጂ ሌላ ነገሯን የሚያውቅ የለም። የምትጽፈው አጭር አጭር ነው፤ አማርኛው ሲጠፋት ኦሮምኛውን ጣል ታደርግበታለች። «ሰሚራ ሻይ ቀዳች። ሾፌሩን አየችው። አባቷን አይመስልም።» በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ልጆቹ ሰሚራን ይወዷታል። ድልድዩ ጥግ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች፤ ሾፌር የሆነው አባቷ ከሩቅ መንገድ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ማንም ቀይ ድልድይ የደረሰ ሰው እሷ ጋ ሻይ ሳይጠጣ አያልፍም።

ከወር በፊት ኩብራ ለሉባባ በግል ጽፋላት ነበር። «አንድ ነገር ልለምንሽ። የሰሚራን አባት ማንም እንዳይነካብኝ። እሱን የማመጣው እኔ ነኝ።» ሉባባ የዚያን ዕለት የሒሳብ ፈተና እያጠናች ነበር። «እሺ ውዴ፣ አብሽሪ» ብላ መለሰችላትና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ከዚያ ታሪኩ ተንቀሳቀሰ። የሰሚራ አባት መኪና እየመጣ ነው ተባለ። የቀይ ድልድይ ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ተሰበሰበ። ኩብራ «ሰሚራ የመኪና ድምፅ ሰማች። ተነሳች» ብላ ጻፈችና ጠፋች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ስድስት ቀን። ልጆቹ በቅንፍ (ኩብራ የት ነሽ?) ይላሉ፤ መልስ የለም። ዚያድ የሚባለው የነሉባባ ትምህርት ቤት ቀልደኛ ልጅ (ድልድዩ ላይ ቆመን ሥር ልናበቅል ነው እኮ) አለ። ሉባባም ሰለቻት። በውስጧም የሳጅን ሀያት ባርኔጣ፣ የሚሰበረው ብርጭቆ፣ ጩኸቱ ተሰልፎ ይጠብቃታል። አሁን ጻፈችው።

ስልኳ መንጫጫት ጀመረ። ልብ፣ እሳት፣ የሚያለቅስ ፊት።

(አቦ አንቺ ልጅ ትገያለሽ፤ ወላሂ አስለቀስሽኝ) አለ ዚያድ።

ከመሰላ የሆነችው ዮዲ (እጄ ተንቀጠቀጠ) አለች።

ሉባባ ብቻዋን ፈገግ አለች። ከዚያ የኢያኤል ጽሑፍ መጣ። (ሉባባ፣ ኩብራን ጠይቀሻታል?)

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ያ «እሺ ውዴ» ትዝ አላት። ጥቂት ወደ ላይ ብትመለስ ታገኘው ነበር፤ ግን አልተመለሰችም። (አዎ፣ በግል ተነጋግረናል) ብላ ጻፈች። ኢያኤል አውራ ጣቱን ቀስሮ መለሰላት። ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ወይም ለሉባባ ያለቀ መሰላት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ስልኳን ከፈተችው። ኩብራ ገብታ ነበር። አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች። (ሰሚራ ከዚህ በኋላ የለችም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።) ከሥሩ፣ በደብዛዛ ፊደል፣ ከግሩፑ መውጣቷ ተጽፏል።

ሉባባ በመጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። ጨዋታ ነው እኮ፤ ለጨዋታ እንዲህ ይኮረፋል? ኢያኤል በሩ ላይ ደረሰባት።

«ምን ሆና ነው?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ተነጋግረናል አላልሽም?»

«ተነጋግረናል። መጀመሪያ እሺ አለች፤ ከዚያ ሐሳቧን ቀየረች መሰለኝ።»

ኢያኤል ትንሽ አያት። የማያምናት አይመስልም፤ ያዘነ ነው የሚመስለው። «እሺ ካለች በኋላ እንዲህ መውጣት ግን ጥሩ አይደለም» አለና ሄደ።

ማታውኑ ይህንኑ ግሩፑ ውስጥ ጻፈው። የተስማሙበትን ነገር አክብሩ፣ ቅር ያለው ይናገር፣ ብሎ። ስም አልጠራም፤ ግን ማንን እንደሚል ሁሉም ያውቃል። ዚያድ ተቀበለው። (ተስማምታ ታኮርፋለች እንዴ? ሼም ነው። እኛ ደግሞ ለአማርኛዋ መዝገበ ቃላት ልንገዛላት ነበር።) ሦስት አራት ልጆች ሳቁ። ሉባባ ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም ካልኩ ነገሩ ይታወቅብኛል ብላ እሷም የሚስቅ ፊት ላከች።

ስልኩን አስቀምጣ ብዙ ሳትቆይ አነሳችው፤ የላከችውን ፊት ልታጠፋው። ግን ኢያኤልም፣ ዮዲም፣ ሁሉም አይተውታል። ተወችው። የኩብራን ስም ፈልጋ በግል ጻፈችላት። «ኩብራ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ? ታሪኩ እንዲያምር ብዬ ነው እኮ።»

መልሱ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ክፍል ውስጥ ባዮሎጂ እየተማሩ ሳለ ነው። ጠረጴዛው ሥር አየችው።

«እሺ ብለሽኝ ነበር።»

ሌላ ምንም የለውም። ሉባባ ወደ ላይ ሳበችው። ልመናውም፣ «እሺ ውዴ፣ አብሽሪ» የሚለው የራሷ መልስም እዚያው ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ ያስቀመጠችው ቀይ ልብ ሳይቀር። መምህሩ ስሟን ሲጠሯት ጥያቄውን አልሰማችም ነበር።

እናቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ሚኤሶ ገበያ ጨርቅ ይዛ ትወርዳለች። ሉባባ ሙቀቱን ስለማትወድ ሄዳ አታውቅም። ሐሙስ ዕለት ለኩብራ ጻፈች። «ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሚኤሶ እመጣለሁ። ካልፈለግሽ አልመጣብሽም፤ ሰፈርሽንም አልጠይቅም። ከፈለግሽ ግን ላገኝሽ።» ከዚህ በፊት እንዲህ ብላ ፈቃድ የጠየቀችው ሰው ትዝ አላላትም። ዓርብ ማምሻውን መልስ መጣ፤ «ከመናኸሪያው አጠገብ፣ የሀኒፋ ሻይ ቤት በይ።»

ሚኤሶ እንደደረሱ ሙቀቱ ፊቷን መታት። ከባድ መኪኖች መንገዱን ዳር ይዘው ተደርድረዋል፤ ሾፌሮች በጥላቸው ሥር ጋደም ብለዋል። ማሽላ የተጫኑ ግመሎች በመሃል ያልፋሉ። እናቷ ዕቃዋን ዘርግታ «አንድ ሰዓት ብቻ፤ ከዚያ በላይ እንዳትቆዪ» አለቻት።

የሀኒፋ ሻይ ቤት አራት የእንጨት አግዳሚና የሸራ ጣራ ናት። ደጃፏ ላይ ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮች አሉ። ከኋላ፣ ባልዲ ፊት ተቀምጣ ብርጭቆ የምታጥብ ቀጭን ልጅ ቀና አለች። ሉባባ ባለችበት ቆመች። ይህን ቦታ ታውቀዋለች። ድልድዩ ብቻ ነው የጎደለው።

«አሰላሙ አለይኩም። ሉባባ ነኝ» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም» አለች ኩብራ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሰላም አለቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ሉባባ ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር።

ሻይ ስትቀዳ የነበረችው የሻይ ቤቱ ባለቤት ሀኒፋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። «ኤዬ» አለች ኩብራ፤ አዎ ማለቷ ነው። ሀኒፋ ሉባባን ከእግር እስከ ራስ አየቻት፤ ቢሆንም ሻይ ቀድታ ሰጠቻት።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሉባባ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አሁን ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋት። «ስድስት ቀን ጠፋሽብን። ታመሽ ነበር?» አለች።

«አልታመምኩም። ስልኩ የሀኒፋ ነው፤ እሷ በማትፈልገው ሰዓት ነው የምትሰጠኝ። እየጻፍኩ ነበር።»

«ምን?»

«አባቷ ሲመጣ።» ኩብራ ወደ ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ ወደ ተቀመጠ የትምህርት ቤት ደብተር በዐይኗ አመለከተች። «ደብተር ላይ ነው የጻፍኩት። አራት ገጽ። እናንተ ቆንጆ አድርጋችሁ ስለምትጽፉ ስሕተት እንዳይኖረው ብዬ፣ አማርኛውን አስተማሪዬ አይቶልኛል። ቅዳሜ ሀኒፋ ስልኩን እሰጥሻለሁ ብላኝ ነበር። ተቀብዬ ስከፍተው ያንቺን አገኘሁ።»

ሉባባ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ያዘች። ትኩስ ነው፤ አለቀቀችውም።

«ሰሚራ... አንቺ ነሽ አይደል?» አለች ቀስ ብላ።

አንድ መኪና ሞተሩን አስነሳ፤ ኩብራ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች። «አባቴ ጅቡቲ ሊጭን ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። ስልኩ አይሠራም። ሞተ የሚል ሰው የለም፤ አለ የሚልም የለም። እናቴ ስሙን አታነሳም። ሀኒፋም አታነሳም። እኔ እዚያ ነበር የማነሳው።»

«አላወቅኩም ነበር። ወላሂ ይህን አላወቅኩም።»

«ማወቅ አልነበረብሽም። ‹አትንኩብኝ› ብዬ ነበር።»

ሉባባ አንገቷን ደፋች። ኩብራ ግን አልጨረሰችም።

«አባትየውን መግደልሽ አይደለም በጣም የከፋኝ» አለች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠች ነው የምትናገረው። «ሊሞት ይችላል፤ እሱን እኔም አስባለሁ። ግን ጮኸች አልሽ። ፀጉሯን ነጨች፣ ተንከባለለች አልሽ። ሰሚራ አትጮህም። እኔ አውቃታለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ቢነግሯት ሰዎቹን ‹ተቀመጡ› ትላለች። ሻያቸውን ትቀዳለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ትገባለች። እዚያ የምትሆነውን ማንም አያይም። አንቺ ግን ሰው ሁሉ ፊት አስጮህሻት።»

ሉባባ ያንን መስመር ስንት ጊዜ ደጋግማ አንብባ እንደተደሰተችበት ታስታውሳለች። የጩኸቱ ቦታ ነበር በጣም ያማረባት።

«ይቅርታ» አለች። ቃሉ ትንሽ ሆነባት።

«እሺ» አለች ኩብራ። ሁለቱም ያን ቃል ሰሙት።

ቆይታ ኩብራ «እነሱስ ምን አሉ?» ስትል ጠየቀቻት።

እዚህ ላይ ሉባባ «ምንም አላሉም» ብትል ኖሮ ኩብራ ታምናት ነበር። ግሩፑ ውስጥ የለችም፤ ልታየው አትችልም። «እኔ ዋሽቻቸዋለሁ» አለች ሉባባ። «ተነጋግረናል፣ ተስማምታለች አልኳቸው። ስለዚህ የተቀየሙት ባንቺ ነው። በአማርኛሽም የቀለደ አለ። እኔም ሳቅኩ።»

ኩብራ እጇን እንደገና በቀሚሷ ጠረገች። ሀኒፋ ብርጭቆ እንድታመጣ ጠራቻት። ተነሳች፤ የታጠቡትን አንስታ ሰጠቻትና ተመለሰች፤ ግን አልተቀመጠችም።

«ይህን ባትነግሪኝ ኖሮ አላውቅም ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እኔ አልመለስም፤ ለምኚኝ ብዬ አይደለም። እዚያ ስገባ አሁን የማየው የተንከባለለችውን ነው።» እጇን ዘረጋችላት። «እናትሽ እንዳትቆጣ። ሂጂ።»

የሉባባ ዐይን አንድ ጊዜ ወደ መደርደሪያው ሄደ። አራቱን ገጽ ማንበብ ፈልጋ ነበር፤ አባትየው እንዴት እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚል። አልጠየቀችም። ጨብጣት ሄደች።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። እናቷ ያልተሸጠውን ጨርቅ ጭኗ ላይ ይዛ ታንቀላፋለች። ሉባባ ግሩፑን ከፍታ በቅንፍ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ የጻፈችው ረጅም ነበር። ስድስት ቀን መጠበቃቸውን፣ ፈተና ላይ መሆኗን፣ ታሪኩ እንዲያምር ማሰቧን ሁሉ ያካተተ ነበር። አነበበችውና ቆረጠችው። ከዚያ ስለ ኩብራ አባት ጻፈች። ጅቡቲ፣ ሁለት ዓመት፣ የማይሠራው ስልክ፣ ደብተሩ፣ አራቱ ገጽ። ጣቶቿ ፈጠኑ። ጥሩ እየሆነ ነው፤ ሲያነቡት ሁሉም ያለቅሳሉ፤ ዚያድ በቀልዱ ያፍራል። መሃል ላይ ስትደርስ ሚኒባሱ ዳገቱን ጀመረ፤ ከመስኮቱ የሚገባው አየር ቀዘቀዘ፤ ሉባባ የኩብራን ነገር እንደገና ሳትጠይቃት እየጻፈች መሆኑ ያን ጊዜ ገባት። ሁሉንም አጠፋችው።

የቀረው ይህ ነው። (ዋሽቻችሁ ነበር። ኩብራ የሰሚራን አባት እንዳንነካ ከወር በፊት ለምናኝ፣ እሺ ብያት ነበር። ከዚያ ሳልጠይቃት ጻፍኩት። ተነጋግረናል ያልኩት ውሸት ነው። እሷ ያጠፋችው ነገር የለም። በሷ መሳቄም ነውር ነበር።)

ጭሮ ሳይደርሱ ላከችው።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ኢያኤልና ዚያድ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጠበቋት። ኢያኤል ስልኩን በእጁ እያገላበጠ ነው።

«የጻፍሽውን ክፍል አጥፍቼዋለሁ» አላት። «ለኩብራም በሁላችን ስም ይቅርታ ጽፌላታለሁ። አልመለሰችም።»

«እሺ።»

«አንቺ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አትጽፊም። ማንበብ ትችያለሽ። እኔ ላስወጣሽ ነበር፤ ሌሎቹ ናቸው ይህ ይበቃል ያሉት።»

«እሺ» አለች ሉባባ እንደገና። ከዚህ የበለጠ ጠብቃ ነበር። ቀለል ማለቱ ግን አላስደሰታትም።

ዚያድ ጫማውን እያየ ቆይቶ ነበር። «ስለ አማርኛዋ ያልኩትን አየችው?» አለ።

«አላየችም። ነግሬያታለሁ።»

ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቆይ ግን፣ ለምንድን ነው ያን አባትየውን እንዲህ አትንኩብኝ ያለችው? አግኝተሻታል አይደል? የሆነ ነገር አለ» አላት። ኢያኤልም ቀና አለ። ሁለቱም ጠበቁ።

ሉባባ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታውቀዋለች። የሸራ ጣራውን፣ ባልዲውን፣ የኩብራን ቀስ ያለ ንግግር፤ ከየት ጀምራ የት ላይ ዝም ብትል እንደሚያምርም ጭምር።

«አለ» አለች። «ግን የሷ ነው።»

ደወሉ ተደወለ። ዚያድ የምትቀጥል መስሎት ትንሽ ጠበቃት። ሉባባ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ክፍሏ ሄደች።